ጋቢው ደረቀ ወይ?

ሎሚ አልወድም። ባለቤቴ «ምን ዓይነት ሰው ነው ሎሚ የሚጠላ?» እያለ ይስቅብኛል፤ እኔም ጨጓራዬን አሳብቤ አልፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሰንጋ ተራ ወደ ልደታ በታክሲ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣችና ልጣጩን በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘች። «ይቅርታ፣ መኪና አይስማማኝም» አለችኝ። አይዞሽ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ወራጅ አለ!» ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ልጅ የወለድኩ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ ከአንዲት ሎሚ እሸሻለሁ። ያሳፍራል፤ ግን ከሚያሳፍረኝ ነገር ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ልደታ፣ አሁን ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ፣ ሰባት አባወራ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። አባዬ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋ ነበር። ቤታችን ውስጥ ከአባዬ፣ ከእማዬ፣ በሁለት ዓመት ከሚበልጠኝ ወንድሜ ከጀማልና ከእኔ ሌላ እቴቴ መዲና ነበረች። እቴቴ የአባዬ አክስት ናት፤ የወሎ ሰው። ግቢው በሙሉ አንቱ ይላታል፤ እኛን ልጆቹን ግን «አንቱ ሰው ያርቃል፣ አንቺ በሉኝ» ብላ ስለከለከለችን አንቺ እንላታለን።

ያ ክረምት የጥጥ ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔና እቴቴ በሩ ሥር ተቀምጠን እሷ ትፈትላለች፣ እኔ ከጥጡ ውስጥ ፍሬውን እለቅማለሁ። ለአንድ ጣሳ ፍሬ አንድ ከረሜላ ይሰጠኛል። እንዝርቷ እየሾረ ክሩ ከጣቶቿ መሃል ሲወጣ ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም ነበር፤ ጣቷ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «እቴቴ፣ ክሩ ሲያልቅብሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እሞታለኋ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩ ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ ፍሬ የምለቅመው በዝግታ ሆነ። እሷም «ምነው ሐያት፣ ሰነፍሽ?» እያለች ከረሜላውን ግን አልቀነሰችብኝም።

ፈትሉ ለጋቢ ነው፤ ጋቢው ለታላቅ ወንድሟ ለአባባ እንድሪስ። ነገሩን ከትልልቆቹ ወሬ ለቃቅሜ ነው ያወቅኩት። እቴቴ አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ አባታቸው ሞተው ስለነበር፣ አባባ እንድሪስ ለአንድ ሰው ሊድሯት ቃል ይሰጣሉ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው እቴቴ ጠፋች። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። ዳሱ ተጥሎ፣ እህሉ ተፈጭቶ ሙሽሪት የለችም። አባባ እንድሪስ በአገር ፊት ቃላቸው ታጠፈ፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉ። እናታቸው ሲሞቱ እንኳ እቴቴ ፈርታ አልሄደችም። ይኸው እንዲሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ግን ከአገር አንድ ሽማግሌ መጡና መልእክት ነገሯት። «እንድሪስ ለስልሷል። ትምጣ ብሏል። በሽማግሌ ፊት ጋቢ ታለብሺዋለሽ፣ እሱም አፉ ብዬሻለሁ ይልሻል፣ አለቀ!» በእነሱ ቤት ልማድ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ገዝቶ አይሄድም፤ በገዛ እጁ የደከመበትን ነው ይዞ የሚሄደው። እቴቴ በማግስቱ ጥጥ ገዛች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። «አፉ ብዬሻለሁ ይበለኝ እንጂ በማግስቱ ብሞት ግድ የለኝም» ትል ነበር። ነሐሴ ላይ ፈትሉን ለሸማኔ ሰጠች፤ ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ ጉንጬን አስደግፋ «አሽትቺው፣ ያንቺም እጅ አለበት» አለችኝ። አዲስ ጥጥ የሚሸት፣ ወፍራም፣ ነጭ ጋቢ።

እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤታችን ቢሾፍቱ ሽርሽር ወስዶን መንገድ ላይ አስመልሶኝ ነበር። መምህሯ ፌስታል ሰጠችኝ፤ ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ስሜ ሐያት መሆኑ ቀረ፣ ፌስታል ሆንኩ። ጀማል ስሙን ከትምህርት ቤት አምጥቶ ለግቢው አከፋፈለው። ቧንቧ ጋ ተሰልፌ «ፌስታል፣ ተራሽ ደርሷል!» ይሉኛል። አሁን ሳስበው ያስቃል። ያኔ ግን ትምህርት ቤት ከመግባት መሞት ይሻለኝ ነበር፤ በሕይወቴ ሁለተኛ መኪና ውስጥ ላላስመልስ ማልኩ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአባዬ ደንበኞች አንዱ ነጭ ዲኤክስ መኪናውን ለሁለት ቀን አዋሰው። ወንበሮቹን አባዬ ገና ማልበሱ ነው፤ ጠረኑ ራሱ አልለቀቀም። የኋላ በሮቹ ከውስጥ አይከፈቱም፤ በእኔ በኩል ያለው የመስኮት ማዞሪያም ወልቋል። አባዬ ከመነሳታችን በፊት አሰለፈንና «እዚህ ወንበር ላይ ያስመለሰ ሰው ወሎ የሚገባው በእግሩ ነው» አለ።

«ሰማሽ ፌስታል?» አለኝ ጀማል።

ጋቢናው መቼም የትልቅ ሰው ነው፣ የእቴቴ ነው። እሷ ግን በሩን ይዛ ቆመችና «ልጅቷን መኪና ያማታል፣ እሷ ከፊት ትቀመጥ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አለች።

«እኔን መኪና አያመኝም!» ብዬ ጮህኩ። ጀማል ቆሞ እያየኝ ምን ልበል?

እቴቴ አልተከራከረችኝም። ከቀሚሷ ኪስ ሎሚ አውጥታ በእጄ አስጨበጠችኝና «ሲያቅለሸልሽሽ አሽትቺው» አለችኝ በጆሮዬ። ጋቢው የታጠፈበትን ትልቁን ፌስታል ደግሞ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ከጋዝ ጀሪካን ጋር እንዳይቀመጥ ብላ ነው። «አደራ» አለችኝ። ጀማል ሎሚውን እንዳያይብኝ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።

እቴቴ ያን ቀን ጾም ይዛለች። ጋቢውን ወንድሜ ትከሻ ላይ ሳላደርግ እህል ውሃ አልቀምስም ብላ ነይታለች። ደብረ ብርሃን ደርሰን ቁርስ ስንበላ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። እኔ እንቁላል ፍርፍር በላሁ፤ አባዬ ደስ ብሎት ስለነበር የብርቱካን ለስላሳም ከፈተልኝ፤ እስከ ጠርሙሱ ቂጥ ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አረንጓዴው ማለቂያ የለውም፤ ቢጫ አበባ ዳር ዳሩን ይዞታል፤ በጎቹ ዝናብ ጠግበው ከብደዋል። እማዬ መንዙማ ታንጎራጉራለች፣ አባዬ መሪውን በጣቱ እየመታ ይከተላታል። ሁላችን እንደዚያ ቀን አንድ ላይ ደስ ብሎን አያውቅም።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ዋጠን። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለማው የማያልቅ መሰለኝ፤ አገር እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ አባዬ ዳር ይዞ አቆመና «ኑ ውረዱ፣ አገራችሁን እዩ!» አለ። ከጉሙ ሥር ገደሉ ተከፍቶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ሌላ ዓለም አለ፣ ፀሐይ ያለበት። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። አባዬ በጀማል በኩል በሩን ከፈተላቸው። እቴቴም ከጋቢና ወርዳ ሻሿን በነፋሱ ይዛ ቆመች፤ በዚያ መንገድ ሽቅብ ከወጣች በኋላ ቁልቁል ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

እኔ አልወርድም አልኩ። ከተነሳሁ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ይበርዳታል» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ከዚያ ሳልነሳም መጣ። በሩን ገፋሁት፣ አይከፈትም። መስኮቱ አይወርድም። የአባዬን አዲስ ወንበር አየሁ። ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል አየሁ።

ጋቢው ላይ አስመለስኩ።

ለመጻፍ እንኳ እጄ ይከብደዋል። ሲያበቃ አፌን በክንዴ ጠረግኩ፤ የጋቢውን አንድ እጥፋት አነሳሁና ሸፈንኩበት፤ የፌስታሉን አፍ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። የቸኮልኩት ከጀማል ዓይን ለማምለጥ ነው። እቴቴን አላሰብኳትም፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ አንድም ጊዜ ትዝ አላለችኝም።

ሲመለሱ ጀማል «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ። እማዬ ጭላዳዎቹን ጠረጠረች። አባዬ ፍሬኑ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ይሸታል አለ። እቴቴ ከጋቢና ዞር ብላ ትንሽ አየችኝ።

«ደህና ነሽ የኔ እናት?»

«ደህና ነኝ።»

«ሎሚው አለሽ?»

«አለኝ።»

ቁልቁለቱን ጨርሰን ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ መናገር እችል ነበር። ሸዋ ሮቢት በሙቀት ቀልጠን ማንጎ ስንበላ፣ ቧንቧ አጠገባችን ነበር፣ መናገር እችል ነበር። ከሚሴ ላይ ግመሎቹ መንገዱን ዘግተው ቆመን ስንጠብቅም እችል ነበር። አባዬ ግን በየቦታው በመስታወቱ እያየኝ «ሐያት ጀግና! እስካሁን አንድም ጊዜ አላስመለሰችም!» ይለኛል። ጀማል አንገቱን ይደፋል። ሙገሳው ይጣፍጣል፣ ምን ላድርግ! ፌስታሉን እንደታቀፍኩ ጀግና ሆኜ ሄድኩ።

ቦርከናን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እቴቴ ክረምቱን ሙሉ «ወንዛችን» ስትል ስለሰማሁ የእሷ ንብረት ነው ብዬ አምን ነበር። ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ እየጎረፈ ሲመጣ «አይ ወንዛችን፣ ኧረ አልቀነስክም!» አለችና እንባዋን በሻሿ ጠረገች። ኮምቦልቻ ሳንደርስ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብለን ቆምን። ሰዓቱ ዘጠኝ ገደማ ነው።

አባባ እንድሪስ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው የነጣ ሰው ናቸው። በጎናቸው ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ጎረቤቱ በሩን ሞልቶታል። እቴቴ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ተንበረከከች።

«አያ» አለች። «እንደምን ሰነበቱ?»

አንቱ አለቻቸው። አንቱ ሰው ያርቃል ያለችኝ እሷ ናት።

ዱዓ ተደረገ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «በይ እንግዲህ መዲና፣ ይዘሽ የመጣሽውን አልብሺው» አሏት። እቴቴ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ሰጠኋት። መሬት ላይ ወድቄ መጮህ ነበረብኝ፤ ሰጠኋት። ቋጠሮውን ለመፍታት ትንሽ አስቸገራት። «አጥብቀሽ ነው የያዝሽው» ብለው ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ጋቢውን አወጣች፣ ጫፍና ጫፉን ይዛ ዘረጋችው።

መጀመሪያ የወደቀው ሎሚው ነው። ምንጣፉ ላይ ተንከባሎ አባባ እንድሪስ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ከዚያ ሽታው ቤቱን ሞላው። ነጩ ጋቢ መሃል ላይ የብርቱካን ለስላሳ ቀለም ያለው እድፍ ተዘረጋ።

ከበሩ በኩል አንዲት ሴት «ለንቀት ነው?» ስትል ሰማሁ። አባባ እንድሪስ ፊታቸው ጠቆረ። እማዬ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች፤ አወቀች። አባዬ ከተቀመጠበት ብድግ አለና አፉን ከፈተ።

እቴቴ ቀደመችው።

«የኔ ነው» አለች። «መንገዱ አልተስማማኝም፣ ጣርማ በር ላይ አስመለሰኝ። አያ፣ አፍሬ ነው ሳልናገር የመጣሁት።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሎሚዋን አነሳችና ኪሷ ከተተች። አባዬ አፉን እንደከፈተ ተቀመጠ። በሽማግሌ ፊት አክስቱን ዋሸሽ ይበላት?

የአባባ እንድሪስ ልጅ ሚስት ሩቅያ፣ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ናት፣ «ውይ በሞትኩት፣ ሆድሽ ባዶ ነዋ!» ብላ በትልቅ ብርጭቆ ወተት ይዛ መጣች። እቴቴ ወተቱን አየችው። መጾሟን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ታሞ የመጣ ሰው ደግሞ ወተት እንቢ አይልም። «ቢስሚላህ» ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔስ? እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ጾሙን ፈታች፣ እንግዲያው ጋቢው ስለወጣ ስለቱ ደርሷል አልኩ። ደግሞም እቴቴ አርጅታለች፣ ትረሳለች፣ እውነትም ራሷ ያስመለሰች መስሏታል አልኩ። ይኼን ሁሉ እዚያው ቆሜ አቀነባበርኩት፤ ደረቴም ቀለል አለኝ።

አባባ እንድሪስ «እጠቢውና ይድረቅ» አሉ። «ሲደርቅ ታለብሺኛለሽ።» ተነስተው ወደ ከብቶቻቸው ወጡ። እቴቴ የመጣችለትን ቃል አላሏትም።

ወደ ቦርከና የሚገባ አንድ ጥሩ ውሃ ያለው ጅረት ነበር፤ ጋቢውን እዚያ ወሰደችው። ተከተልኳት። እንዶድ በድንጋይ ወቅጣ አረፋውን ታሻሸዋለች፣ ታነሳለች፣ ትደፍቃለች። ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ናት። ካጠበች በኋላ «ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ። «አንቺ ወደዚያ ጠምዝዢ፣ እኔ ወደዚህ። ጋቢ ብቻውን ለሆነ ሰው አይጨመቅም።» ውሃ የጠጣ ጋቢ እንደ በግ ይከብዳል። እኔ እሳባለሁ፣ እሷ ትስባለች፣ ውሃው በመካከላችን ይወርዳል። እድፉ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። አሁን ልንገራት አልኩና አፌን ከፈትኩ።

«እቴቴ።»

«ወዬ።»

«ቦርከና ያንቺ ነው?»

ጋቢውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ሌላ ነገር ትጠብቅ እንደነበር እምላለሁ።

«የኔ ነበር» አለች። «በይ፣ አጥብቀሽ ጠምዝዢ።»

ያን ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስንነሳ ጋቢው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ያንጠባጥባል። መኪናው ለባለቤቱ ማታ መድረስ አለበት። አባባ እንድሪስ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«አያ፣ እንግዲህ መሄዳችን ነው» አለች እቴቴ።

«አልደረቀም» አሉ ጋቢውን እያዩ።

«አልደረቀም።»

ሁለቱም ቆሙ። እሷ ቆዪ እስኪሏት ትጠብቃለች፤ እሳቸው ልቆይ እስክትላቸው ይጠብቃሉ። ይኼ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያኔ ጨርቅ አይተው የማያውቁ ነበር የሚመስሉት። አባዬ ጥሩምባውን ቀስ አድርጎ ነካ አደረገው። እቴቴ ትከሻቸውን ስማ መጣች። ጋቢናው ጋ ስትደርስ «አንቺ ግቢ» አለችኝ፤ ከኋላ ከእማዬና ከጀማል ጋር ተጣበበች። እኔ እስከ ልደታ ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። አላስመለሰኝም።

በማግስቱ ጀማል ቧንቧ ጋ ለልጆቹ ወሬውን ነዛው፤ «እቴቴ ፌስታል» ብሎም ስም አወጣላት። አባዬ ሰምቶ በጥፊ መታው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ልጅ መትቶ አያውቅም። ጀማል ጉንጩን ይዞ ለምን እንደተመታ ግራ ገብቶት አየኝ። እኔ ባልዲዬን አንስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ፌስታል የሚለኝ ሰው ጠፋ፤ ቃሌን ጠብቄ ነበራ።

እቴቴ ግን ከዚያ ወዲያ እንዝርቷን አላነሳችም። ከኮምቦልቻ በኩል የመጣ ሰው በሰማች ቁጥር፣ ሾፌርም ይሁን የሽንኩርት ነጋዴ፣ ሄዳ «ጋቢው ደረቀ ወይ?» ትለዋለች። ሰውየው ምኑን ያውቃል? «የቱ ጋቢ እናቴ?» ብሎ ይስቃል። ግቢውም ይስቅ ጀመር፤ ጃጀች አሉ። እኔ ክሩ ስላለቀ ነው ብዬ ሰጋሁ። ጥር ላይ ሳል ጀመራት፤ በሁለተኛው ሳምንት አረፈች። ከመሞቷ በፊት በነበረው ጠዋት ሻይ ስሰጣት እጄን ይዛ ያንኑ ጠየቀችኝ።

«ደርቋል እቴቴ» አልኳት።

«አንቺ ምን ታውቂ» አለች። ፈገግ ብላ ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ ትንሽ ሲረጋጋ ለሩቅያ የመጨረሻ ልጅ ሰርግ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ እንድሪስ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሩቅያ አሁን የቤቱ ትልቅ ሰው ናት። ሙሽራው ሊወጣ ሲል አንድ አሮጌ ጋቢ አምጥታ ትከሻው ላይ አደረገች። ልጆቹ «የማስመለሻዋ ጋቢ! የማስመለሻዋ ጋቢ!» እያሉ ጨፈሩ። ሰዉ ሳቀ። መሃሉ ላይ እድፉ አለ፤ ልክ የሻይ ጠብታ ይመስላል።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አልኩ፣ ያልገባኝ መስዬ።

«ያንቺዋ እቴቴ መዲና ናታ!» አለች ሩቅያ እየሳቀች። «መንገድ ላይ አስመልሷት ይዛው የመጣች። እዚህ አገር እኮ በዚያው ስሟ ነው የምትታወቀው፤ ማስመለሻ ሲሉ ልጅ አዋቂው ያውቃታል። ነፍሷን ይማርና።» ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገች። «በሦስተኛው ቀን ነው የደረቀው። አባባ ራሳቸው አወረዱት፣ ራሳቸው ለበሱት። አስፋልቱ ዳር ድረስ ወጥተው ቆሙና 'አፉ ብያታለሁ' አሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ የሰማሁት። ሰው እንላክ ብላቸው፣ 'የለም፣ ሄጄ በአፌ ነው የምነግራት' አሉ። አዝመራው ይሰብሰብ፣ መንገዱ ይድረቅ ሲሉ መርዶዋ ቀደማቸው።»

ሦስት ቀን። ጋቢው ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ገና ሲለብሱት ትሰማው ነበር። እኔ ደብረ ሲና ላይ አፌን ከፍቼ ቢሆን፣ ሮቢት ፀሐይ ላይ አድርቀነው እንገባ ነበር። ሩቅያን ክንዷን ያዝኩና እዚያው በሰዉ መሃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። እቴቴ ጾመኛ ነበረች፣ ያስመለስኩት እኔ ነኝ።»

ሩቅያ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ።

«አያችሁ ያሳደገችውን ልጅ!» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ለሙት ስም ብላ በራሷ ስትወስድ! ያኔ እኮ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ምን አድርጋ! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወተት ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

«እውነቴን ነው ሩቅያ፣ ወላሂ...»

«ተይ ልጄ፣ አትማዪ» አለች አንዲት አሮጊት እጄን እየደባበሰች። «አንቺን የመሰለ ልጅ ለሁላችን ይስጠን። ክፉ አይንካሽ።»

ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ሙሽራው ጋቢውን እንደለበሰ ቆሞ ያየኛል፤ ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ።

«አሚን» አልኩ።